ጓሮው ምን ይበላል?

መብራቱ ሳይሄድ ልጀምር፤ ከመብራት ጋር የቆየ ቂም እንዳለኝ ኋላ ትሰማላችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «በትንሽ ጓሮ ራስን መቻል» የሚል ነበር። ትናንት ማታ ወረቀቴን ሳዘጋጅ «ራስን መቻል» የምትለዋን ሰረዝኳት። ቅር አይበላችሁ። ጓሮ ጠልቼ አይደለም፤ 30 ዓመት ሙሉ ጎመን ተክያለሁ፣ ካለፉት 6 ዓመታት ወዲህ ደግሞ በሮቶ ውስጥ ዓሣ አረባለሁ። ግን በዚህ ሁሉ ዘመን ራሱን የቻለ ጓሮ አላጋጠመኝም። ጓሮ አፍ አለው። ይበላል። የሚበላውን በየቀኑ ተሸክሞ የሚያመጣለት ይፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ ጓሮ ምን ያበላናል ከማለታችን በፊት ጓሮው ራሱ ምን ይበላል፣ ማንስ ያበላዋል በሚለው ላይ እንጨዋወት።

ከእናቴ ጓሮ ልነሳ። ያደግሁት ጉራጌ አገር ነው። የጉራጌን መንደር ያያችሁ አቀማመጡን ታውቁታላችሁ፤ ከፊት ጀፎረ የሚባለው ሰፊ አረንጓዴ ጎዳና፣ ከዚያ ቤቱ፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ። እንሰት እንደ ጎመን ዘርተው የሚተዉት ነገር አይደለም። ችግኝ ሲፈለግ የአንዱ እንሰት ሥር ተቆፍሮ ይወጣል፣ እምብርቱ ይወገዳል፣ አፈርና ፍግ ይሞላበትና መልሶ ይቀበራል፤ ከዚያ ከዳር ዳሩ በርካታ ቡቃያ ይፈላል። ቡቃያው ይነቀላል፣ ይተከላል፤ እንደገና ይነቀላል፣ ሰፋ አድርጎ ይተከላል። ለመፋቅ እስኪደርስ እንደ አገሩ ቅዝቃዜ 4፣ 5፣ አንዳንዴም 7 ዓመት ይፈጃል። ቆጮው፣ ቡላው፣ አሚቾው፣ ቃጫው ሁሉ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ቀረብ ብላችሁ እዩልኝ። ከብቶቻችን የሚያድሩት ከእኛው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ነበር። ገና ጎሕ ሲቀድ እናቴ እበቱንና ሽንት የነካውን ጉዝጓዝ ሰብስባ በቅርጫት ትሞላለች፤ ወገቧን አስራ ወደ እንሰቱ ትወጣለች። የምድጃውንም አመድ ለብቻው ይዛ ትሄዳለች። የትኛው እንሰት ትናንት እንደደረሰው፣ የትኛው ዛሬ ተራው እንደሆነ የምታውቀው እሷ ናት፤ የተጻፈ ነገር የለም። እኔ በልጅነቴ ያስተዋልኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለቤቱ ቅርብ የሆነው እንሰት ግንዱ በሁለት እጅ አይታቀፍም፣ ዳር ያለው ግን ቀጭን ነው። መሬቱ ስለሚለያይ ይመስለኝ ነበር። መሬቱ ያው ነው። የሚለያየው ቅርጫት የተሸከመ ሰው ጠዋት በጨለማ የሚሄደው ርቀት ነው።

ይህን ጓሮ ያዩ ምሁራን «ዝግ ዑደት» ይሉታል፤ ከብቱ ፍግ ይሰጣል፣ እንሰቱ ለሰው ምግብ፣ ለከብት ቅጠል ይሰጣል፣ ምንም አይባክንም። ለጆሮ ደስ ይላል። ግን አንድ ሰው ረስተዋል፤ እረኛውን። እኔ ቀኑን ሙሉ ላሞቹን ይዤ የምውለው ሌላ ቦታ፣ በግጦሽ መስክ ላይ ነው። ላሟ የመስኩን ሣር በሆዷ ጭና ማታ ቤት ታስገባለች፤ ጠዋት እናቴ ቀሪውን መንገድ ታደርሰዋለች። እኔ እረኛ ነኝ እል ነበር እንጂ ለካ የማዳበሪያ አመላላሽ ኖሬያለሁ። መስኩ ጠቦ ከብት ያነሰበት ቤት እንሰቱም እንደሚከሳ ጉራጌ አገር ማንንም ጠይቁ ይነግራችኋል።

ወደ ጌዴኦ ብትወርዱ ደግሞ ሸክሙ በከፊል ለዛፉ ተሰጥቷል። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ጋር ቡና። የዛፉ ሥር ከጥልቁ የሳበውን ቅጠሉ ወደ ላይኛው አፈር ያራግፈዋል። ይህ የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ይገባዋልም። እኔን የሚያስቀናኝ ግን መዝገቡ አይደለም፣ የሚሸከምላቸው ዛፍ ማግኘታቸው ነው።

እሺ፤ አዲስ አበባ እንግባ። ከሰርቪስ ቤቱ ጀርባ 12 ሜትር በ4 ሜትር የሆነች መሬት ነበረችኝ፤ አሁንም አለች። በመጀመሪያው ዓመት ጎመኑ እንደ ጃንጥላ ዘረጋ። ጎረቤት ሁሉ «እጅህ ይባረክ» አለኝ፣ እኔም አመንኩ። በሁለተኛው ዓመት ደህና ነበር። በሦስተኛው ቅጠሉ የሕፃን መዳፍ አከለ። ዘሩን ጠረጠርኩ፣ ውኃውን ጠረጠርኩ፣ የጎረቤት ዓይን ሳይቀር ጠረጠርኩ። ባለቤቴ ናት «ለሦስት ዓመት ስትወስድለት ምን ሰጠኸው?» ያለችኝ። የግብርና ትምህርት የተማርኩት እኔ ነኝ፣ ይህን የጠየቀችው እሷ ናት።

ከተማ ውስጥ ላም የለኝም፣ መስክ የለኝም። ግን ከተማ የሚጥለውን ያህል የትም አገር አይጣልም። ከቤታችን ጫፍ ላይ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ አለች፤ ማታ ማታ የቡናውን አተላ በጣሳ ታስቀምጥልኛለች። ከአናጺው ሰጋቱራ፣ ከጉልት የተጣለ የጎመን እንጨትና የሰላጣ ቅጠል፣ ከዶሮ አርቢው ኩስ። ኩሱን ትኩሱን እንዳታስጠጉት፣ ሥር ያቃጥላል፤ ከደረቅ ነገር ጋር ተደባልቆ ይብላላ። የማዳበሪያውን ክምር ስትሠሩ ደረቁ በስፍር ከእርጥቡ 2 ወይም 3 እጥፍ ይሁን። ክምሩ በሚገባ ከሠራ በጥቂት ቀን ውስጥ ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። እኔ ቴርሞሜትር የለኝም፤ የብረት ዘንግ እሰካለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ እመዛለሁ፣ ዘንጉን ጨብጬ መቆየት ካቃተኝ ክምሩ በሕይወት አለ። ቀዝቃዛ ከሆነ ወይ ደርቋል ወይ አየር አጥቷል፤ አገላብጬ ውኃ አርከፈክፍበታለሁ።

ውኃ ካነሳሁ አይቀር ጣሪያችሁን ተመልከቱት። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ያለው ሰው ከዚያ 50,000 ሊትር ይወርድለታል ማለት ነው፤ አንድ አምስተኛው በፍንጣሪና በትነት ቢሄድ 40,000 ሊትር ይቀራል። አንድ ደህና የሐምሌ ዶፍ 20 ሚሊ ሜትር ቢጥል የ1,000 ሊትር ሮቶ ሊሞላ ይቃረባል። እኛ ግን አሸንዳውን ወደ መንገድ አዙረን፣ በጥር ውኃ በቦቴ እንገዛለን።

አሁን ወደ ዓሣው። ብዙዎቻችሁ የመጣችሁት ለእሱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አኳፖኒክስ የሚለው ስም ጆሮ ይስባል። ነገሩ ግን ቀላል ነው። ዓሣ በገንዳ ይኖራል፤ ይበላል፣ በስንጥቡና በኩሱ አሞኒያ ያወጣል። አሞኒያ ዓሣውን ራሱን ይገድላል። ውኃው በፓምፕ ተስቦ ጠጠር በሞላበት የተክል አልጋ ውስጥ ያልፋል፤ በጠጠሩ ላይ ሁለት ወገን ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ አንደኛው ወገን፣ ናይትሮሶሞናስና ዘመዶቹ፣ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ናይትሬት ለተክል ምግብ ነው። ተክሉ ይወስደዋል፣ የጠራው ውኃ ወደ ዓሣው ይመለሳል። በካሪቢያን ባሕር ላይ፣ በቨርጂን ደሴቶች ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ራኮሲ የተባሉ ተመራማሪ ይህን ስልት ለዓመታት አበልጽገው ለዓለም አስተዋውቀዋል፤ ንጹሕ ውኃ ባነሰበት ደሴት ላይ መሆኑን ልብ በሉ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአነስተኛ አርቢዎች የሚሆን መመሪያ አውጥቷል።

እኔ የሠራሁት እንዲህ ነው። የ1,000 ሊትር ሮቶ ለዓሣው፤ ለተክሉ አልጋ ሬድ አሽ የሚባለውን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ መንገድ የሚደለደልበትን፤ ርካሽ ነው፣ ቀዳዳው ስለሚበዛም ለባክቴሪያው ሰፊ ቤት ይሆናል። ሒሳቡም ይኸው። 60 ዓሣ እያንዳንዱ 200 ግራም ቢመዝን 12 ኪሎ ነው። በቀን የክብደቱን 1.5 በመቶ ቢበላ 180 ግራም መኖ። መመሪያው ለቅጠላ ቅጠል በካሬ ሜትር ከ40 እስከ 50 ግራም መኖ በቀን ይላል። ስለዚህ 60 ዓሣ የሚመግበው ወደ 4 ካሬ ሜትር ሰላጣ ነው። አንድ የሁለት ሰው አልጋ ስፋት መሆኑ ነው። «ሮቶ ገዝቼ ሰፈሬን እመግባለሁ» የሚል ሰው ካለ በዚህች ቁጥር ላይ ትንሽ ይቆይ።

ሁለት ነገር ጎድቶኛል። የመጀመሪያው ብርዱ ነው። የያዝኩት ዓሣ ቆሮሶ ነው፤ ቆሮሶ የሚስማማው ደግሞ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ነው፤ ከ20 ሲወርድ እድገቱ ይጎተታል፣ ወደ 16 ሲጠጋ መብላቱን ይተዋል። አርባ ምንጭ ወይም ሐዋሳ ላለ ሰው ቆሮሶ እሰየው ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የውጭ ሮቶ ውኃ ምን እንደሚሆን እጃችሁን ከትታችሁ ሞክሩት። የእኔዎቹ በዓመታቸው እንኳ ለድስት አልደረሱም። ዛሬ ቢሆን ብርድ የሚችለውን ካርፕ እይዝ ነበር፤ ሰበታ ካለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ሄጄም አስቀድሜ እጠይቅ ነበር። ያኔ አልጠየቅኩም፤ ቪዲዮ አይቼ ነው የጀመርኩት።

ሁለተኛው መብራቱ። ሚያዝያ ላይ ነው፣ ቅዳሜ ማታ። እንግዳ መጥቶ ዓሣዎቹን ላሳይ ብዬ መኖ አብዝቼባቸዋለሁ፤ ሲበሉ ማየት ደስ ይላል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃሁ። የቀሰቀሰኝ ድምፅ አይደለም፣ የድምፅ መጥፋት ነው፤ ፓምፑ ዝም ብሏል። በስልክ መብራት ሳይ ዓሣዎቹ ሁሉ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው አየሩን እየጎረሱ ነው። ልጄን ቀሰቀስኩት። እስኪነጋ ድረስ በጆግ እየቀዳን ከከፍታ እየደፋን አየር ለማስገባት ታገልን። ጠዋት ከ60 ዓሣ 22 ቀሩ። ጎረቤቴ በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩና፣ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል አልሰማህም ልጄ?» አሉኝ። ዘንዶ እንኳ ባወጣ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ከሞተር ብስክሌት ባትሪ ጋር የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ገዛሁ። ዓሣ ሳይገዛ በፊት መገዛት የነበረበት እሱ ነው።

ግን ሞቱንም ብርዱንም ትቼ፣ ስለ ጓሮ ያለኝን ሐሳብ የለወጠው መኖው ነው። ዓሣው የሚበላው ከየት ይመጣል? ከሱቅ። በከረጢት። እኔ ደግሞ ለማርከስ ብዬ የኑግ ፋጉሎና ፉርሽካ አደባልቄ መስጠት ጀመርኩ። ፋጉሎው የአንድ ገበሬ ኑግ ነው፣ ፉርሽካው የአንድ ገበሬ ስንዴ ነው። ሮቶዬ አጠገብ ቆሜ ከረጢቱን ስፈታ እናቴ በዓይኔ ላይ መጣች። ላሟ መስኩን በሆዷ ጭና እንደመጣችው ሁሉ፣ የእኔም ከረጢት የማላውቀውን ሰው ማሳ ጭኖ ነው የመጣው። ፓምፑ አዲስ ነው፤ ሸክሙ ግን ያው የጥንቱ ነው።

እንዲያውም እናቴ ከእኔ ቀድማ ታውቅ ነበር። በተክል አልጋዬ ላይ ያለው ቲማቲም የታችኛው ቅጠሉ ጠርዝ ጠርዙን ይነድ ጀመር። ብዙ ሳነብ የፖታሲየም ማነስ ሆኖ ተገኘ፤ የዓሣ መኖ ናይትሮጅን ሲያተርፍ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ብረት ያጥረዋል። ፖታሲየም ከየት ይመጣል? ከእንጨት አመድ። እናቴ ለብቻው ይዛ የምትወጣው አመድ! ቢሆንም ቸኩላችሁ አመድ ወደ ሮቶ እንዳትደፉ፤ አመድ የውኃውን ፒኤች ያሻቅበዋል፣ ፒኤች ከ8 ካለፈ ደግሞ አሞኒያው ለዓሣው ይከፋበታል። እኔ አንድ ማንኪያ በባልዲ ውኃ ዘፍዝፌ፣ አጥልዬ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው የምጨምረው፣ ፒኤቹን በመለኪያ ወረቀት እያየሁ።

ፍርዴን ልስጥ። አኳፖኒክስ ከአፈር እርሻ ሲነጻጸር እስከ አንድ አስረኛ በሚደርስ ውኃ ይሠራል፤ ውኃ ለቸገረበት፣ አፈር ለሌለው፣ ቀኑን ቤቱ ለሚውል ሰው ደግ ነገር ነው። ለትምህርት ቤት ደግሞ እንደሱ ያለ መማሪያ የለም። ለጎመን ብላችሁ ግን ፓምፕ አትግዙ። የእኔ ዓሣ፣ የመብራቱ፣ የመኖውና የሞቱት ሒሳብ ሲደመር በጾም ሰሞን ከገበያ ከምገዛው ይበልጥብኛል። አልተውኩትም፤ ግን አተርፍበታለሁ ብዬ አልዋሻችሁም።

አዘጋጆቹ ስለ ቤት ውስጥ ተክልም ጠይቀውኛል፤ አጠር ላድርገው። «የሳሎን ተክል አየር ያጣራል» የሚባለው ወሬ መነሻው እ.ኤ.አ. የ1989 የናሳ ጥናት ነው። የተሠራው በትንሽ የተዘጋ ሳጥን ውስጥ ነው እንጂ በሩ በሚከፈትና በሚዘጋ ሳሎን ውስጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ግምገማ መስኮት ከመክፈት የሚስተካከል ሥራ ለመሥራት በካሬ ሜትር ከ10 እስከ 1,000 ማሰሮ ተክል ያስፈልጋል ብሏል። 1,000 ማሰሮ በካሬ ሜትር! እናንተ የት ልትቀመጡ ነው? መስኮቱን ክፈቱ። ተክሉን ስለሚያምር ያዙት።

የሳሎን ተክል ከጥማት ይልቅ በጥጋብ ይሞታል። ሥሩ አየር ይፈልጋል፤ ማሰሮው ቀዳዳ ከሌለው ውኃ ይቋጥርና ሥሩ ይበሰብሳል። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቡ፣ ደረቅ ከሆነ ብቻ አጠጡ። ያ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የቆመው፣ በየቢሮው ጥግ የምታዩት ጠርዘ ቢጫ ተክል አገሩ ምዕራብ አፍሪካ ነው፤ የቅጠሉን ቀዳዳዎች የሚከፍተው በሌሊት ስለሆነ ጥማት ይችላል፤ ወር ብትረሱት አይቀየምም። አንድ ጊዜ አንድ እንግዳ ጓሮዬ ያለውን ነጭ የቀንድ ቅርጽ አበባ አይቶ «ይሄ የኛው ነው፣ ሳይንሳዊ ስሙ ኤቲዮፒካ ነው» ብሎ ኮራ። ስሙ ልክ ነው፣ ዛንቴዴሺያ ኤቲዮፒካ። አገሩ ግን ደቡብ አፍሪካ ነው፤ የጥንት ፈረንጆች ከግብፅ በታች ያለውን ሁሉ ኢትዮጵያ ስለሚሉ ነው። አልነገርኩትም፤ ደስታውን ለምን ልቀማው?

ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ላይ ላላችሁ ደግሞ። ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ታጥቦ፣ ታቹ በጋለ ምስማር 6 ወይም 7 ቦታ ተበስቶ፣ ግማሽ አፈር፣ ግማሽ የበሰለ ማዳበሪያ ሲሞላ ሁለት እግር ቃሪያ ይችላል። ጤና አዳምና ኮሰረት በወተት ጣሳ ይበቅላሉ። ፀሐይ የማይገባ በረንዳ ከሆነ ግን ቃሪያውን ተዉት፣ አትልፉበት። ከሁሉ በፊት አንድ ክዳን ያለው ባልዲ በማእድ ቤታችሁ አስቀምጡ፤ ልጣጩን፣ የቡናውን አተላ፣ የእንቁላል ቅርፊቱን ለአንድ ወር አጠራቅሙ፤ በየጊዜው ሰጋቱራ ወይም የተቀደደ ጋዜጣ ጣል አድርጉበት። ወር ሙሉ ያንን ባልዲ መሸከም ከሰለቻችሁ፣ ዓሣ አትግዙ። እውነቴን ነው። ዓሣ ባልዲውን ከሚሸከም ሰው ጋር ነው የሚኖረው።

ጥያቄ እቀበላለሁ። ከዚያ በፊት ግን፣ በበሩ በኩል ስትወጡ በካርቶን ውስጥ 40 የወተት ጣሳ ታገኛላችሁ፤ በእያንዳንዱ አንድ የኮሰረት ቁራጭ ሥር ይዞ ቆሟል። ባለቤቴ ናት የተከለችው። ለሰው አንድ አንድ ውሰዱ። ለዛሬ ማታ ውኃ ጠጥቷል፣ እስከ ማክሰኞ አትንኩት። ጣሳውን ግን መልሱልኝ፣ ለሚቀጥለው ዙር ያስፈልገኛል።